ከወንድሜ ድምፅ ቀጥሎ

ዙምባራን የማያውቅ ሰው ካለ በመጀመሪያ እሱን ልንገረው። ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ የሚሠራ መለከት ነው። አንዱ ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ አንዱ ክንድ እንኳ አይሞላም። ታዲያ አንድ ዙምባራ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው በማንም እጅ የለም። እኔ የእኔን አንዲት ድምፅ አወጣለሁ፣ ቀጥሎ ያለው የራሱን ያወጣል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው እንዲሁ። በክብ እየዞርን ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ነው ዘፈኑ ዘፈን የሚሆነው። ሰው ለብቻው ሲነፋማ ከብት የጠፋበት ነው የሚመስለው።

የእኔ ድምፅ ከታላቅ ወንድሜ ድምፅ ቀጥሎ ነው የሚገባው። እንዲያ አድርጎ ያቆመን አባታችን ነው። አንድ ጊዜ ከደጋ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ፣ «ስንት ቆጥረህ ነው የምትገባው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ቆጥሬ አላውቅም። ፊደሉንም ቁጥሩንም የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ዙምባራው ይቀድማል። ወንድሜ ትንፋሹን ሲጨርስ ትከሻው ዝቅ ይላል። ያኔ እገባለሁ። ሌላ ጥበብ የለኝም።

ሁለት ነገር ደግሞ ልጨምር። ዙምባራ በክረምት አይነፋም። ማሽላው እስኪታጨድ ጣራ ሥር ተሰቅሎ ይከርማል፤ በዝናብ የነፋ እህሉን ያስኮርፋል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዛሬ የሚያምነውም የማያምነውም አይነካውም። የግድ ካስፈለገ ዜማው በአፍ ይባላል፤ ልጆችም ሲማሩ በአፍ ነው። ሌላው ነገር የሐዘኑ ነው። ከነፊዎቹ አንዱ ሲሞት ያንን ቦታ ለአንድ መኸር ማንም አይሞላውም። ተራው ሲደርስ አንዲት ትንፋሽ የምታህል ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ ቀጣዩ ይገባል። በሩቅ መንደር ያለ ሰው ነፋስ ድምፁን ሲያመጣለት ጆሮውን ጣል አድርጎ የጎደለውን ይለያል። እገሌ ሞተ ይልና ነጠላ ጫማውን አጥልቆ መንገድ ይጀምራል። መርዶ ነጋሪ አንልክም።

ወንድሜ በወጣትነቱ ነው በኩርሙክ ተሻግሮ ሱዳን የወረደው። ካርቱም ዳቦ ቤት ገባ፣ አገባ፣ ወለደ። ቢሆንም በየመኸሩ ይመጣ ነበር። ዙምባራው እኔ ቤት ከእኔው ጎን ነበር የሚሰቀለው። ጦርነቱ ሲመጣ ሴት ልጁ ይዛው ካይሮ ገባች። ሌሎቹም ተበተኑ። አንዱ ከድንበሩ ማዶ ከሱዳን ተሰዶ ባምባሲ መጠለያ ነው ያለው። አንዱ ጅዳ ዘበኛ ሆነ። አንዱን ልጆቹ ኖርዌይ ወሰዱት፣ በረዶ ውስጥ። የተቀሩትም እዚህም እዚያም ናቸው። አሶሳ የቀረሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ገበያ ባሚያና ስኳር ከምትሸጠው ልጄ ጋር ነው የምኖረው። ደህና ነህ ሲሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ። ታጥፎ እንደቆየ እግር ነኝ፤ ይቆማል፣ ግን መሬቱን አያውቀውም።

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ደወለች።

«አሚ» አለችኝ። አጎቴ ማለቷ ነው። «አባባ ደክሟል። ከእንግዲህ ቤት ይሁን ብለውናል ሐኪሞቹ።»

«እህ» አልኩ።

«አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ። ክቡን አንዴ ልስማው ይላል።»

ክቡ ማለት እኛ ነን።

«ማን አለና ልጄ? እኔና ጣራዬ ሥር ያለው ቅል ነን።»

«መላ አለው። የምሠራበት ቤት እመቤቲቱ ትዘምራለች። ግን ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ሆና ነው፣ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን አድርጋ። እንደ እሷ ያሉ በየአገሩ አሉ። ሁሉም ለየብቻው ይቀዳና ይልካል፣ ከዚያ አንድ ላይ ይሰፋል። አየሁት እኮ! ፊታቸው በትንንሽ መስኮት ተደርድሮ፣ አንዱ ዘንድ ሌሊት ነው፣ አንዱ ዘንድ ፀሐይ፤ ዘፈኑ ግን አንድ። ስፌቱን እኔንም አስተምራኛለች።»

«ክረምት ነው» አልኳት።

«በአፍ በሉታ!»

ስልክ ላይ ግሩፕ የሚሉትን ከፈተችልን። እኛ መጻፍ ስለሚታክተን በድምፅ ነበር የምንላላከው። ባምባሲ ያለው ሰውዬ መጀመሪያ ጮኸ፦ «በአፍ? ጥርስ የት አለኝና! ነፋሱ በየት በኩል እንደሚወጣብኝ አላውቅም።»

ኖርዌይ ያለው መለሰለት፦ «ድሮስ በጥርስህ ነበር እንዴ የምትነፋው? ለዚህ ነው ለካ እንደ ፉጨት የሚያደርግህ።»

«አንተ በረዶህን ብላ!»

ጅዳ ያለው በሹክሹክታ፣ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ዝም በሉ፣ አለቃዬ ይሰማል» አለ። ልጄ ሳቀች። እኔም የሚሳቅበት ቦታ መሆኑን አወቅሁ።

የቀዳን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ጓሮ ወዳለችው የሣር ጎጆ ገባን። ሣር ዝናብን ዝም ያሰኛል። ልጄ ስልኩን በስኳር ጆንያ ላይ አስደግፋ አቆመችልኝ። ጆሮዬ ውስጥ ቲክ፣ ቲክ የሚል ነገር አለ፤ የወንድሜ ልጅ ናት የላከችው፤ ሁላችንም በእሱ እንድንሄድ።

ዝም አልኩ። ቲኩ ሄደ፣ ሄደ።

«አባባ፣ ግባ እንጂ!» አለች ልጄ።

«ወንድሜ አልጨረሰም።»

«እሱ እኮ አልጀመረም!»

እውነቷን ነው። የማየው ትከሻ የለም፤ የማየው ጆንያ ነው። ደጋግመን ሞከርን። ወይ ቀድሜ እገባለሁ ወይ ጨርሶ አልገባም። የወንድሜ ልጅ በስልክ፣ «አሚ፣ የአባባን መጨረሻ ላይ ከአልጋው ሆኖ እቀዳዋለሁ። ቦታውን ትቼለታለሁ። ያንተ ቦታ ሲደርስ ቲኩ ጠንከር ይልልሃል፣ እሱን ጠብቅ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ጠንከር ሲል ገባሁ። እንደገና ሲል እንደገና ገባሁ። ወንድሜ ሊሰማው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መድኃኒት ቤት ወረፋ እንደያዘ ሰው ተራዬ ሲደርስ ድምፄን አቀብዬ ወጣሁ፤ ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም።

ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። እኛ ጋ ይጠፋል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ቶሎ አይመለስም። ልጄ ስልኩን ማንጎው ዛፍ ሥር ይዛ ወጥታ ሰማይ ታሳየውና ትመለሳለች። ስፌቱ አልቆ ይሁን አይሁን አላወቅንም።

አንድ ጠዋት የቀርከሃው አጥር በር ላይ ሰው ቆመ። ባምባሲ ያለው ሰውዬ ነው። ላስቲክ ለብሷል፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል፤ ጫማውን በእጁ ይዟል። ሰላም አላለኝም። ጫማውን መሬት አስቀመጠና ሁለት እጁን ለፋቲሓ ዘረጋ።

«አላህ ይማረው። አላህ ያጽናህ፣ አኹይ።»

ወንድሜ ማለቱ ነው፤ ማዶዎቹ እንዲህ ነው የሚሉት።

«ማንን?» አልኩት።

«ወንድምህን ነዋ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ሰማሁት። ቦታው ክፍት ነው።»

ስልኩን ከላስቲኩ ሥር አወጣ። መጠለያው ኔትወርክ ስላለው ስፌቱ እሱ ዘንድ ደርሷል። በሩ ላይ እንደቆምን ከፈተልኝ። ፊታችን ተደርድሯል፦ እኔ ከጆንያው ኋላ፣ ኖርዌይ ያለው ኮፍያ አድርጎ፣ ጅዳ ያለው በጨለማ። ዜማው መጣ። ዜማው ራሱ ነው፤ ስንት ዘመን የዞርንበት። የወንድሜ ተራ ደረሰ፤ ዝም። አንዲት ትንፋሽ። ከዝምታው ኋላ የገባው ድምፅ የእኔ ነው።

«አየህ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ግባ፣ ተቀመጥ።»

ምንጣፍ አነጠፍን። ጎረቤት ሰማና መጣ። ሼሁ መጡ። ከመንገዱ ወዲያ ያለችው የወሎ ሴትዮ፣ በሰፈራ ጊዜ ከመጡት የአንዱ ሚስት፣ ንፍሮ በትልቅ ሰፌድ ይዛ ገባች፤ «እግዜር ያጥናችሁ፣ እኔን አፈር ይብላኝ» እያለች ደረቷን መታች። ልጄ አለቀሰች። ባምባሲ ያለው ሰውዬም ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። እኔ ውሃ የወረደበትን የአጥሩን ቀርከሃ እያየሁ ተቀመጥኩ።

«አንተ አታለቅስም?» አለኝ ሰውዬው አፍንጫውን እየጠረገ።

«ይመጣል» አልኩት። ይመጣል ብዬ ነበር።

በማግስቱም እንደተቀመጥን ነበር። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ወንድሜ ዳቦ ሲያመጣልን፣ ወንድሜ አህያ ሲጥለው፣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰውን ይናገራል። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ልጄ ስልኩን ይዛ ከማንጎው ሥር ሮጣ መጣች። ኔትወርኩ ተመልሷል፤ የወንድሜ ልጅ ናት የደወለችው።

«መቼ ቀበራችሁት?» አልኳት።

«ማንን?»

«አባትሽን ነዋ።»

«አሚ፣ ማንን ነው የቀበርነው? አባባ እኮ እዚህ ነው፤ አሁን ነው ትራሱን ያስተካከልኩለት።»

ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ተነሥቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። እሷ አላቋረጠችም። አባቷን ልትቀዳው ብትሞክር ሳሉ ትንፋሹን እየቆረጠበት አልሆነም። ባዶ ቢሆን ምን ይሆናል ብላ እንደዚያው ሰፍታ ላከችልን፤ ለእሱም አሰማችው። ካርቱም ነው ያደገችው፤ ከእኛ ዘንድ የምታውቀው መኸሩን፣ ጭፈራውን እንጂ ሐዘኑን አይታ አታውቅም። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን በብርድ ልብሱ ላይ እያነሣና እየጣለ ሲሰማ ቆየ አለችኝ። ዜማው አጋማሽ ላይ ዓይኑን ከፈተ።

«‹ማን ሞተ?› አለኝ። ‹ማንም አልሞተም አባባ› አልኩት። እንደገና ሰማና ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ወዲህ አይናገርም። ውሃ እንኳ ስሰጠው ከንፈሩን አይከፍትልኝም። አሚ፣ ምን አድርጌው ነው?»

ነገርኳት። ስታለቅስ ሰማሁ።

ተመልሼ፣ «አልሞተም» አልኳቸው።

ሼሁ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። የወሎዋ ሴትዮ ሰፌዷን አየች። «ታዲያ ንፍሮዬን ምን ላድርገው?»

«ይበላ!» አለ አንዱ። «ለደስታ የማይበላው ምን ሆኖ ነው?»

«ከእንግዲህ ይሄ ሰውዬ ከባምባሲ ሲመጣ በሩን ቶሎ ዝጉ!» አለ ሌላው።

«እኔ ምን ላድርግ!» አለ ሰውዬው። «ዜማው እኮ ነው የነገረኝ!» ሰው ሳቀበት፤ እሱም በእንባው መሀል ሳቀ። እኔ ደስታው እንዲመጣ ጠበቅሁ። ወንድሜ አለ፣ አልኩ በልቤ። አለ። ቃሉ እንደተነገረ ቀረ።

የገባኝ ነገር ግን አንድ አለ። ወንድሜ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ከሄደ፣ በሕይወቱ ሳለ ከክቡ አውጥተን እንዳለቀስንለት አምኖ ነው የሚሄደው። ይህ እንዳይሆን ነው የፈለግሁት። መሻት ይባል እንደሆን አላውቅም፤ መሠራት ያለበት ሥራ ሆኖ ነው የታየኝ።

«ቦታውን ሙላው» አለኝ ባምባሲ ያለው ሰውዬ።

«የሕያው ሰው ቦታ ባለቤቱ ሳይሰጥ ይያዛል እንዴ?»

«እንግዲያ ጠይቀዋ።»

ካይሮ ደወልን፤ ልጁ ስልኩን ወንድሜ ጆሮ ላይ አደረገችለት። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፤ እንደ ሻካራ ምንጣፍ ይጎተታል።

«አኹይ» አልኩት። «ልጅህ አላወቀችም። እኛ አላወጣንህም። ቦታህን ስጠኝና ልሙላው።»

የዘጋው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«አንተስ የት ልትሆን?» አለ።

ድምፁ ቀጥኗል፤ ጥያቄው ግን የወንድሜ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን የትኛውን ትከፍታለህ ይልሃል።

«በሁለቱም ቦታ።»

«እንዴት ይሆናል?»

«በክቡ አይሆንም። በስልኩ ግን ይሆናል አሉ።»

ትንፋሹን ሰማሁ። «ውሰድ» አለ።

የወንድሜ ድምፅ ከእኔ ዝቅ ይላል። ያን ያህል ዘመን አጠገቡ ቆሜ ስሰማው ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ጎጆዋ ውስጥ ገባን። ባምባሲ ያለው ሰውዬ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠና፣ «ከሱ በፊት የሚገባው እኔ አይደለሁም፣ ቢሆንም ትከሻዬን ዝቅ አደርግልሃለሁ፤ ያኔ ግባ» አለኝ። እንዳለው አደረገ። ገባሁ። ሻካራ ሆነ። እንደገና ገባሁ።

ከዚያ ልጄ የቀዳችውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝና የራሴን ደግሞ በላዩ አልኩ። ወንድሜ እስኪጨርስ ጠበቅሁ፤ ሲጨርስ ገባሁ። ወንድሜ ግን እኔ ነበርኩ። ሰውዬው ከበርጩማው ሆኖ አየኝ። ልጄ ላከችው።

የወንድሜ ልጅ ሰፍታ ስታሰማው እኔም በስልኩ ሆኜ አብሬ ነበርኩ። ዜማው ከአንዱ ስልክ ወጥቶ በሌላው ስልክ ሲመጣልኝ ከወንዝ ማዶ እንደሚነፋ ነው የሚመስለው። ክቡ ሞላ፣ ዞረ፣ አለቀ።

«በእኔ ቦታ ያለው ማነው?» አለ ወንድሜ።

«እኔ ነኝ። ሰጥተኸኝ የለም እንዴ።»

«ትዘገያለህ።»

«እህ።»

«ድሮም ገንፎ ላይ እንጂ ዙምባራ ላይ ፈጥነህ አታውቅም።»

ልጁ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። ከዚያ ሲጠይቃት ሰማሁ። ውሃ ነው የጠየቃት። ብርጭቆው ጥርሱን ሲነካ ሰማሁ። ስልኩን አልዘጋሁም፤ ሲጠጣ አዳመጥኩት።

ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ሞተ። የወንድሜ ልጅ አልደወለችም፣ ቃልም አልጻፈችም። የመጀመሪያውን ስፌት፣ ባዶ ቦታ ያለውን፣ ግሩፑ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ተምራለች። ከፈትኩት። የእሱ ተራ ደረሰ፤ ዝም። ቀጥሎ እኔ። ስልኩን አጥፍቼ ለልጄ ነገርኳት።

ባምባሲ ያለው ሰውዬ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አንገቱን ብቻ አስገባ።

«ይሄኛውስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያ ልግባ።»

የወሎዋ ሴትዮም ንፍሮዋን ይዛ በሩ ላይ፣ «ቆይ፣ አጣርታችኋል?» ብላ ጠየቀች። አጣርተናል አልናት። ሰፌዷን አስቀምጣ አለቀሰች። ምንጣፉ ያው ምንጣፍ፣ ሰዉም ያው ሰው ነው። የአህያውን ወሬ አንዱ ሊጀምር አለና፣ ያኔ ማውራቱ ትዝ ብሎት ተወው። እኔም ያው ቀርከሃውን እያየሁ ተቀመጥኩ። አታለቅስም ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ማሽላው ታጨደ። ዙምባራዎቹን ከጣራው አወረድኩ፤ የእኔንም የእሱንም። ውሃ አፈሰስኩባቸው፤ ቅሉ ውሃ ሲጠጣ መጋጠሚያው ይጠብቃል። ከየመንደሩ የመጡ ነፊዎች የተበተኑትን ቦታ ባለቤቶቹን በስልክ አስፈቅደው ያዙ፤ ባምባሲ ያለው ሰውዬም መውጫ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። የወንድሜ ቦታ ለዚያ መኸር ክፍት ነው። ዙምባራውን አጥሩ ላይ አስደግፌ ተውኩት።

መዞር ጀመርን። አቧራው ተነሣ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። የእሱ ተራ ደረሰ። በቀኜ ትከሻ የለም። ቲክ የሚልልኝም የለም። ጠበቅሁ። ጨርሷል ብዬ ባሰብኩ ጊዜ ነፋሁ።

ስናርፍ ባምባሲ ያለው ሰውዬ ላቡን እየጠረገ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ዘገየህ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።